ማንም ያልረገጠው ሣር

ፈርጉስ ታሎክ የሞተው የጎልፍ ዋንጫውን ሊያነሣ አንዲት ምት ሲቀረው ነው። በመንደራችን በደንካሮ ከዚህ የከፋ አሟሟት አለ ብሎ የሚያምን ሰው አላውቅም። እኛ የስኮትላንድ ባሕር ዳር ሰዎች ብዙ ነገር ይቅር እንላለን፤ ኳሱን ጉድጓድ ሳያስገባ የሚሞተውን ግን እንደ ባለጌ ነው የምናየው።

ሬሳውን ያገኘው በማለዳ ሣር ሊያጭድ የመጣው የሜዳው ሠራተኛ ነበር፤ ከሩቅ አይቶ ሣሩ ላይ ሳይወጣ ለፖሊስ ሮጠ። ፈርጉስ በመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። ከጎኑ የራሱ የማስገቢያ ዱላ ተጋድሟል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ፣ በተላጨው ሣር ላይ፣ ትናንት ማምሻውን በእጁ ያስቀመጣት ሳንቲም ታበራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርጉስና ወጣቱ ኒንያን ሎሪመር ውድድሩን እኩል ስለጨረሱ የሞት ሽረቱ ጨዋታ ውስጥ ገቡ፤ በአንድ ጉድጓድ የበለጠው ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፣ ያነሰው ባዶ እጁን። ኒንያን ተጫውቶ ጨረሰ። ፈርጉስ አንዲት አጭር ምት ቀረችው፤ ካስገባት አሸነፈ። ዱላውን ሊያነሣ ሲል ጉሙ ከባሕር መጥቶ ጉድጓዱን ዋጠው። ዳኛው «ነገ ጠዋት» ብሎ አቆመ። ፈርጉስም እንደ ደንቡ ኳሷ በነበረችበት ቦታ ሳንቲም አኖረና ኳሷን ኪሱ ከተታት። ሳንቲሟ እዚያው አደረች።

ኢንስፔክተር ኤፊ ራትሬይ ስትደርስ ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። ራትሬይ አጭር፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። አባቷ በዚሁ ሜዳ ላይ አሳድጓት ጎልፍን የጠላች፣ የምትጠላውን ነገር ደግሞ አሳምራ የምታውቅ። በጉድጓዱ ዙሪያ ከተዘረጋው ገመድ ውጭ ቆማ ሣሩን ብዙ አየችው፤ ሬሳውን ትንሽ።

«ጎው» አለችው ሳጅኗን፣ «ኳስ የሚቆምባቸውን ነጫጭ የእንጨት ችካሎች አምጣልኝ። ብዙ።»

«ምን ሊያደርጉልሽ?»

«ፀሐይ ከወጣች ምስክራችን ይደርቃል።»

ከጉድጓዱ በስተኋላ ጤዛው ተረጋግጧል፤ ከዚያ የሚወጣ ግን አንድ ሰው የሄደበት ጥቁር መስመር ብቻ ይታያል። ሣሩ እንደ ተላጨ አገጭ አጭር ስለሆነ የጫማ ቅርጽ አልያዘም፤ መንገዱ ብቻ ነው የቀረው። ሰውየው ከሬሳው ተነሥቶ፣ ከጉድጓዱ ወደ ሳንቲሟ፣ በክለቡ ሕንፃ በኩል ባለው ሣር ላይ ቁልቁል ወርዷል። ሳንቲሟ ጋ ሲደርስ በስተኋላዋ ዞሯታል። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ ወጥቷል። ከሬሳው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ቢያቋርጥ የመንገዱ ግማሽ ይቀርለት ነበር። በሳንቲሟና በጉድጓዱ መካከል፣ በባሕሩ በኩል ያለው ሣር ግን ጤዛው እንደነጣ ቀርቷል።

ጎው በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ችካል ተከለ። ራትሬይ ዱላውን አየችው። ብረቱ ተወልውሎ፣ የቆዳ ልባሱ ተደርጎለት፣ እንደተኛ ሕፃን ተጋድሟል። ልባሱን ብትገልጠው ከሥሩ ትንሽ ደም አገኘች።

ፈርጉስ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሣሩን ሊያይ እንደሚሄድ የሰሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ትናንት በክለቡ መጠጥ ቤት አንድ ጠረጴዛ ከበው ነበርና። ሚስቱ ሞራግ፣ ዱላ ተሸካሚው ዱጋልድ ፔትሪ፣ ኒንያን፣ እና የኒንያን አባት ዋላስ፣ የልጁን ዱላ የሚሸከመው እሱ ራሱ። ካዲ እንላቸዋለን እነዚህን ተሸካሚዎች። ፈርጉስ ስለሞተ ዋንጫው የኒንያን ነው። ከገመዱ ማዶ የቆሙት ጋዜጠኞች ግን ልጁን ከዋንጫው በፊት የመስቀያ ገመድ አንገቱ ላይ ሲገባ እያዩት ነበር።

ዋላስ ሎሪመር ከልጁ ጋር ባረፈበት ሆቴል የአጃ ገንፎውን እየበላ ነው የተቀበላት።

«ቶሎ በይ» አላት። «ዋንጫው የሚሰጠው ቀትር ላይ ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«አይቻለሁ። በሕይወት እያለም ያን ያህል ፈጣን አልነበረም።»

«ያቺ የቀረችው ምት፣ ኳሷ በየት በኩል ነበር የምትሄደው?»

ዋላስ ማንኪያውን አቁሞ እንደ እብድ አያት። «በሕንፃው በኩል ወጣ ብላ ወደ ባሕሩ ትታጠፍና ትገባለች። ዕውር እንኳ ዳስሶ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ተመልካች ይህንኑ ነው ያየው። ምነው፣ ልትመቻት ነው?»

ኒንያን ጥፍሩን እየበላ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«ከክፍልህ ወጥተህ ነበር?»

«ከውድድር በፊት አባቴ ከውጭ ቆልፎብኝ ነው የሚያድረው። የሆቴሉን ሰዎች ጠይቂያቸው፣ ይስቁብኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ የት እንደነበረ ግን አላውቅም።»

«ፈርጉስ ያስገባት ነበር?»

«እንዳትገባለት ስጸልይ ነው ያደርኩት። አሁን ዋንጫውን ብወስድ ገዳይ ነኝ፣ ባልወስድም ገዳይ ነኝ።»

«በየት በኩል ነበረች?»

«በሕንፃው። ሌላ መንገድ የላትም።»

ሞራግ ታሎክ አላለቀሰችም። ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትደባብሳለች።

«ባሌ ክፉ ነበር፣ የኔ እመቤት። የሚያስቅ ክፉ። ሰው አብሮት ሲስቅ ማን እንደደማ አያይም።»

«ትናንት ከማን ጋር ተጣላ?»

«አይጣላም፤ ይስቃል። በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ‹ነገ አፍህን ዝጋልኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግብህም› አለና ሳቀ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሁሉንም እንዲያ ነው የሚያናግረው። እኔንም።»

«ስለ ምቷ ነግሮዎት ነበር?»

«እራት ላይ በጨው ማስቀመጫው አሳየኝ። በሕንፃው በኩል ነው አለኝ። እኔ ጨዋታውን አላውቀው፤ እሺ አልኩት።»

«ይወዱት ነበር?»

«አዎ» አለች ሞራግ። «የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ዱጋልድ ፔትሪን ያገኘችው ከዕቃ ክፍሉ ደጃፍ፣ የሟቹን ዱላዎች በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ሲወለውል ነው። ፀጉሩ ከነጣ ቆይቷል፤ ዕድሜውን የፈጀው ፈርጉስን ከኋላ ከኋላ በመከተል ነው።

«ማን ሊጫወትባቸው ነው የሚያጸዷቸው?»

«ቆሻሻ ዱላ ሰጥቼው አላውቅም፣ ልጄ። ዛሬ አልጀምርም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ካዲ አይጣላም። ሣሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ያነባል፣ ዱላ ያቀብላል፣ ዝም ይላል።»

«ያቺን ምት እንዴት አነበቧት?»

ጨርቁ ቆመ። «ሰውየው ሞቷል፤ ምቷም አብራው ሞታለች። ምን ያደርግልሻል?»

ራትሬይ አልደገመችም። እጆቹን ብቻ አየች። ሽማግሌው ብረቱን ወልውሎ ሲጨርስ፣ ዓይኑ ባሕሩ ላይ እንዳለ፣ ልባሱን አለበሰው።

ቀትር ላይ አራቱንም በመጨረሻው ጉድጓድ ዙሪያ አቆመቻቸው። ዳኛው ዋንጫውን ታቅፎ ከኋላ ቆሟል፤ የት እንደሚያስቀምጠው የነገረው የለም። ጤዛው ደርቆ ሣሩ አንድ መልክ ሆኗል፤ የጎው ነጫጭ ችካሎች ግን የገዳዩን መንገድ ይዘው ቆመዋል።

«ሰውየው የሄደው በዚህ ነው» አለች ራትሬይ። «ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ማቋረጥ ሲችል ዞረ። ወይዘሮ ሞራግ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይዞሩ ነበር?»

«ለምን ብዬ? ሣር ነው።»

«ስለዚህ እርስዎ አይደሉም። ጎልፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ኳስ የምትሄድበትን መስመር መርገጥ እዚህ አገር ነውር ነው፤ ከልጅነታችሁ ስለተቆጣችሁበት እግራችሁ ራሱ እምቢ ይላል። የዚህ ሰው እግርም ገድሎ እየሸሸ እምቢ አለው።»

«እና ልጄ ነው ልትይ ነው?» አለ ዋላስ።

«ልጅህን ቆልፈህበታል፤ ሆቴሉ ሁሉ መስክሮለታል። ይልቅ ችካሎቹን እይ። የመለሳችሁልኝ ሁሉ ኳሷ በሕንፃው በኩል ትሄዳለች አላችሁኝ። ፈርጉስም እንዲያ ነበር ያለው። ገዳዩ ደግሞ ያንኑ መስመር ከላይ እስከ ታች ረግጦታል።»

«ሆን ብሎ ሊያበላሸው ቢሆንስ?» አለ ኒንያን ድንገት። ዓይኑ አባቱ ላይ ነበር።

ዋላስ ወደ ልጁ ዞረ።

«መቺውን የገደለ ሰው መስመሩን ማበላሸት ምን ይጠቅመዋል?» አለች ራትሬይ። «አባትህን ልትሰቅለው ከፈለግክ ሌላ ምክንያት ፈልግ። ደግሞም ያ ሰው ሊያበላሽ አልመጣም። ዱላውን ወልውሎ ልባሱን አልብሶታል፤ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው የሚሠራ የካዲ እጅ ነው። ካዲዎች ሁለት ናችሁ። ሁለታችሁም ሣር ታነባላችሁ። ገዳዩ የሰውን ሁሉ መስመር ረግጦ፣ ይሄን በባሕሩ በኩል ያለውን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀው። ምክንያቱም ለእሱ መስመሩ ይሄ ነበር። አቶ ዱጋልድ፣ ጠዋት ጠይቄዎት አልመለሱልኝም። ምቷ በየት በኩል ነበረች?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ራትሬይ ከዚህ ሌላ ምንም አልያዘችም። በልባሱ ላይ የዱጋልድ የጣት አሻራ ቢገኝ ምን ይገርማል፤ ዘመኑን ሁሉ ሲያለብሰው የኖረ ነው። ሽማግሌው «በሕንፃው» ብሎ ቢመልስ ነገሩ እዚያው ይፈርስና ቤቱ ገብቶ ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ቃሉን ሊይዝ ሲል ከገመዱ ማዶ የቆምነው ሁላችንም አይተናል።

«በሕንፃው ነው እንጂ» አለ ዋላስ እየሳቀ። «ማን ካዲ ነኝ ባይ ይስታታል?»

«በባሕሩ በኩል» አለ ዱጋልድ።

ጎው ካቴናውን ከቀበቶው አወጣ።

«ሁላችሁም ተሳስታችኋል። ሕንፃው ነው ዓይናችሁን የሚያታልለው፤ እሱ ስላዘመመ ሣሩ ያዘመመ ይመስላችኋል። ፈርጉስ ዋንጫ ያሸነፈባቸውን ምቶች ሁሉ ያየሁለት እኔ ነኝ። እሱ መትቷል፣ እኔ አይቻለሁ። ትናንት ‹ዓይንህ ጠፍቷል፣ ነገ አፍህን ዝጋልኝ› አለኝ። ጠዋት መጥቼ ለመንኩት። እዚህ ጋ ተንበርክኬ፣ ጉንጬን ሣሩ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ሳቀ። ዱላውን ሰጠኝና ‹እንካ፣ የዕውር መሪ በትር ይሁንህ› አለኝ። ከዚያ ዞረ።»

ጎው ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን ራሱ ነው የዘረጋው። ወደ ኒንያን ዞሮ ልስልስ ባለ ድምፅ «አንድ ነገር ብቻ፣ ልጄ» አለው። «ምታት። በባሕሩ በኩል፣ ቀስ አድርገህ። ስትገባ ልይና የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ኒንያን ዳኛውን አየ። ዳኛው ዋንጫውን አየ። ልጁ ኳሱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሳንቲሟ መራመድ ጀመረ።

ሞራግ ቀደመችው። በተረከዘ ረጅም ጫማዋ፣ ገዳዩ እንኳ ሊረግጠው ያልደፈረውን ሣር እየወጋች ቀጥ ብላ አቋርጣ፣ ጎንበስ አለችና ሳንቲሟን አነሣች።

«ይህቺ የባሌ ናት» አለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተታ ዘጋችው።

ራትሬይ ልታስቆማት ትችል ነበር። አላስቆመቻትም።

ዱጋልድ ገዳይ ሲባል ያልጮኸ ሰው፣ ያን ጊዜ እንደታረደ በሬ አጓራ። ከጎው እጅ ተመንጭቆ በጉልበቱ ወደቀና በታሰሩት እጆቹ ሣሩን ይዳስስ ጀመር። «ቦታዋን አውቃታለሁ። ያለ ሳንቲምም አውቃታለሁ። እዚህ ናት። እዚህ ላይ አስቀምጣት፣ ልጄ።»

ጣቱ ያረፈው ከችካሎቹ ወዲያ ነበር። ጠዋት ራሱ ሳንቲሟን የዞረበት መንገድ በነጭ እንጨት ተተክሎ ፊቱ ቆሟል፤ ሳንቲሟ ከዚያ ወዲህ፣ በጉድጓዱ በኩል፣ እንጂ ወዲያ ልትሆን እንደማትችል ሁላችንም እናያለን። እሱ አያይም። ማንም አላረመውም። ኒንያን ችካሎቹን አየ፣ የሽማግሌውን ጣት አየ፣ ኳሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ምታት እንጂ» አለ ዱጋልድ፣ ጣቱን ከሣሩ ሳያነሣ።