ያልተፋቀው ቀይ ቀለም

ሬሳው ተዳፋት ላይ ከቆመው አሮጌ የናፍጣ መኪና ሥር ነው። የፊት ጎማው ደረቱ ላይ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ቀይ ናቸው። ደም መስሏት በእስክሪብቶ ጫፍ ፋቀችው። ደም አይደለም፤ የደረቀ ቀለም ነው። አጠገቡ ትንሽ የቀለም ጣሳና ፀጉሩ የረገፈ ብሩሽ ወድቀዋል።

ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ነው። ሠፈሩ ሁሉ ጢሞ ይለዋል። እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት ነበር። የሰደበው ሰው ቢቆጠር ግቢው አይበቃውም።

"ማን ነው ያገኘው?" አለች።

"ምን ማግኘት ያስፈልጋል? ገዳዩ እዚያው ተይዟል!" አለ የጢሞ ታናሽ ወንድም። ለጋራዡ መለዋወጫ የሚገዛው እሱ ነው። በጣቱ የመኪናውን ሾፌር አመለከተ።

ሾፌሩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል። ከቁርስ ሮጠው የመጡት ሠራተኞች ሲይዙት በባዶ እጅ አልያዙትም።

"ያየኸውን ንገረኝ" አለችው ታናሽየውን።

"ወንድሜ ከሥር ገብቶ ይሠራ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጋቢና ገባና ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። የኋላ ማርሽ አስገባበት። በቃ።"

"አንተ የት ነበርክ?"

"ዕቃ ቤቱ በር ላይ።"

"ለምን ይገድለዋል?"

"ትናንት ሰው ሁሉ ሰምቷል። 'መኪናዬን ካልሠራህልኝ ሥሯ እቀብርሃለሁ' ብሎታል።"

ወደ ሾፌሩ ዞረች። "ብለኸዋል?"

"ብዬዋለሁ። እርስዎም ቢሆኑ ይሉት ነበር። ነገ ና፣ ነገ ና እያለ እግሬን አቀጠነው።"

"ጋቢና ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?"

"ግቢው ስገባ መኪናው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። ጋቢናው ላይ ዘልዬ ወጣሁና የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ወርዶ ነበር። ቁልፉን አልነካሁም።"

"ሞተሩስ?"

"የቱ ሞተር? ሞተሩማ የሚነሳ ቢሆን እዚህ ግቢ ምን አመጣኝ!"

አላመነችውም። ጋቢና ውስጥ የተያዘ ሰው ሁሉ ላድን ነው የገባሁት ይላል። በካቴና ወሰደችው። ሆን ብሎ ሰው መግደል ነው፤ ከተፈረደበት ከእስር ቤት የሚወጣው ሬሳው ነው።

የሾፌሩ እናት የጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ ስትገባም ስትወጣም ይረግሟታል። "የሰው ልጅ ያለ ኃጢአቱ ያሰርሽ፣ የወለድሽው አይባረክልሽ!" ይላሉ። ኢንስፔክተሯ እርግማን ለምዳለች። ይሄኛው ግን ውስጧ ገባና አልወጣ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳክካታል። ጎማው ሥር የነበረው የእንጨት ታኮ የተገኘው ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ነው። መኪናው ዘሎ ቢሆን ታኮውን ይጨፈልቀዋል እንጂ እስከዚያ አይወረውረውም።

የጢሞ ሚስት ሻንጣ አዘጋጅታ ነበር የሚል ወሬ ደረሳት። አስጠራቻት።

"ልትሄጂ ነበር አሉ።"

"ነበር። ታዲያስ?"

"ትጠይው ነበር?"

"እጠላው ነበር። የጠላ ሁሉ ከገደለ እዚህ ሠፈር ማን ሊተርፍ ነው? ያን ጠዋት ፀጉር ቤት ነበርኩ። ካላመንሽ ሂጂና ጠይቂ።"

ኢንስፔክተሯ ሰው ልካ አስጠየቀች። እውነቷን ነበር፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና ነው መርዶው የደረሳት። ኢንስፔክተሯ ልታሰናብታት ስትል ጣቶቹ ትዝ አሏት።

"እጁ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ምንድን ነው?"

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ለዘብ አለ። "ጥርስ ሲቀባ ነዋ።"

"የምን ጥርስ?"

"የሳህኑ። ሞተር ላይ የሚታሰር ቀጭን ክብ ብረት አለ፣ ዙሪያው ጥርስ ነው። ቁልፍ ስታዞሪ ሞተሪኖው እሱን ነክሶ ነው ሞተሩን የሚያስነሳው። የኔ ባል አዲስ ሳህን ከገጠመ በኋላ ጥርሱን በሙሉ ቀይ ሳይቀባ ቁልፍ አያስነካም። ሞተሪኖው የነከሰበት ቦታ ቀለሙ ይፋቃል፤ በደንብ ይያዝ አይያዝ ከዚያ ያውቃል። ወንድሙ 'የሙሽራ ጥፍር ልትቀባ ነው?' እያለ ይስቅበት ነበር። አንድ ቀን ግን ጎንበስ ብሎ አይቶለት አያውቅም።"

ኢንስፔክተሯ ኮፍያዋን አንስታ ወጣች።

ጋራዡ ስትደርስ ካፖርቷን አውልቃ መኪናው ሥር ገባች። ከመሥሪያ ቤቷ ጋራዥ ያመጣችው መካኒክ ሞተሩን በብረት ቀስ እያለ አዞረላት፤ እሷ በባትሪ እያበራች ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየች። ቀይ። ቀይ። ዙሪያውን ቀይ። አንድም የተፋቀ የለም። ሞተሪኖው ተፈቶ ሲወርድ በትንሿ ጥርሱ ላይ የቀለም ጠብታ እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሾፌሩ በካቴና፣ ሚስትየዋ በጥቁር፣ ታናሽየው በወንድሙ ወንበር ላይ።

"ተነስ" አለችው። "ይህን ሳህን ማን ገዛው?"

"እኔ።"

"ይህን የመሰለ መኪና ሁለት ዓይነት ሳህን አለው አሉ። ቀዳዳቸው አንድ፣ ስፋታቸው አንድ፤ የአንዱ ጥርስ ደቃቅ፣ የአንዱ ወፍራም። አይተሃል?"

"ምን ማየት ያስፈልጋል? አሮጌውን ይዤ ሄጄ ቀዳዳ በቀዳዳ አስተያይቼ ነው ያመጣሁት። ልክክ ነው ያለው!"

"ጢሞ ግን አይገጥምም ብሎሃል።"

"እኔ ያመጣሁት ነገር መቼ ገጥሞለት ያውቃል! ከዚያ ሥር ተጋድሞ እንኳ አላረፈም!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነበርክ" አለች ኢንስፔክተሯ። "መኪናው ሥር የተጋደመ ሰው የተናገረውን ከዚያ ሆነህ ሰማኸው?"

"ይጮህ ነበር..."

"ይሁን። እንካ ሞተሪኖውን። አስነክሰው።"

ሁለት ሠራተኞች ከባዱን ሞተሪኖ ደግፈውለት ከሥር ገባ። ጥርሱን ከሳህኑ ጥርስ ጋር አገናኘ። አልገባም። ትንሽ አዙሮ ሞከረ። አልገባም። በንዴት ሲገፋው ብረት በብረት ላይ ተንሸራተተ፤ ቀዩ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ ተፋቀ።

"በዚህ ነው ሞተሩ በአንድ ጊዜ የተነሳው?" አለች።

ታናሽየው ከሥር አልወጣም። እግሩ ብቻ ይታያል።

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ አውሬ!" አለ ሾፌሩ። "እኔን ልታስቀብር!"

"ዝም በል" አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ "ታኮውን በእግርህ መታኸው። የእጅ ፍሬኑን በመስኮት አወረድክ። ልክ ነኝ?" አለች።

ድምፁ ከመኪናው ሥር መጣ።

"ሳቀብኝ። 'ና ዕውሩ፣ ና ጉድህን ተመልከት' አለኝ። ደንበኛ ፊት ዕውሩ ነኝ። ሠራተኛ ፊት ዕውሩ ነኝ። ላገባት ያሰብኳትን ልጅ ሳስተዋውቀው እንኳ 'ይሄ ዕውር ነው ያገኘሽ?' አላት። ልጅቷም ቀረች። ሞተሩ ይነሳል ብዬ ነበር። ሳህኑ ልክ ነው ብዬ ነበር... ለዚህ ነው ተነሳ ያልኩት።"

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ከሾፌሩ እጅ ፈታች። ሾፌሩ አላመሰገናትም፤ አንጓውን እያሸ በንቀት አያት። "እናቴን አንቺው ራስሽ ነሽ የምትነግሪያት" አላት። አንቱታው ቀርቷል። አልተቆጣችም፤ የሚገባት ነበር።

ታናሽየው ከሥር ተጎትቶ ወጣ። ካቴናው ሲገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ። መኪናውን ሲያልፉ ግን ቆመና ድንገት ተንበረከከ። ፖሊሶቹ ሊያነሱት ሲሉ ኢንስፔክተሯ በእጇ ከለከለቻቸው። አንገቱን አስግጎ ቀያዮቹን ጥርሶች አየ። በዚያ ግቢ በኖረበት ዘመን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

"ደቃቅ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እውነቱን ነው። አይገጥምም።"

የጢሞ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ነጠላውን አወረደችው።

"ይህቺን አንዲት ቃል" አለችው፣ "በሕይወት እያለ ብትለው ምን ነበረበት?"