ከርብ ድልድይ እስከ ርብ ምንጭ

«ነጭ ካልኩ ነጭ ነው!» አለ ይሻው፣ የቀለሙን ጣሳ ክዳን በቢላዋ ጫፍ እየፈለቀቀ። «የአስፋልት መስመር ለምን ነጭ የሆነ ይመስልሻል? ሾፌር በጨለማም በጉምም እንዲያየው ነዋ!»

ሚስቱ አሰለፈች ቦቲ ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችው። «ዓለሚቱ ቀይ ግዙ ነበር ያለችው።»

«ዓለሚቱ ልጅ ናት። መሪ ጨብጣ አታውቅም።»

«ተራራስ መቼ ነው አስፋልት የሆነው፣ አያ ይሻው?»

ይሻው ጣሳውን አቀበላት። ዱላውን አነሣ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ከድንኳኖቹ መሐል ወጥቶ ሽቅብ ተያያዘው። እሷም ጣሳውንና ቡሩሹን አንጠልጥላ ተከተለችው። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቶ የጉና ተራራ ጫፍ ታጥቦ እንደ ወጣ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። እንዲህ ያለ ጧት ነው ሰውን የሚያታልለው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ይሻው ከደብረ ታቦር ጎንደር የሚመላለስ አውቶቡስ ሲነዳ ጠጉሩ ሸብቶ ጡረታ ወጣ። አሰለፈችም በአዳሪ ተማሪዎች ወጥ ቤት ሰው የሚያህል ድስት ስታማስል ኖራ በዚያው ዓመት ተሰናበተች። ሁለቱም ቤት ሲውሉ ቤቱ ጠበባቸው። ይሻው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲተች ይውላል፤ «ይኼ ማርሽ አያውቅም፣ ያ ፍሬን ላይ ተኝቷል» እያለ። አሰለፈች ሰምታ ሰምታ ሲታክታት፣ «ወይ እርስዎ ሥራ ይፈልጉ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ» አለችው።

ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ተራራ ላይ፣ ወጣቶች በማኅበር ሆነው ያቋቋሙት የእንግዶች የድንኳን ሰፈር ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዓለሚቱ ክረምቱን ሰፈሩን የሚይዙላት ሁነኛ ሰዎች ስትፈልግ እነሱን አገኘች። ሰኔ ላይ ፍራሻቸውን አስጭነው ወጡ። እሱ ንፋስ የቀደደውን ድንኳን ይሰፋል፣ የተደፈነውን የውሃ ቧንቧ ይጠርጋል፤ እሷ ዝናቡን ደፍሮ ለሚመጣ እንግዳ ታበስላለች። ሥራ በቀለለ ቀን ደግሞ ሁለቱም ተራራውን ይዞሩታል። በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጥጃ መቦረቅ ጀመሩ ብላችሁ እመኑኝ።

ይሻውን ግን ሆዱን የሚበላው አንድ ነገር ነበር። ርብ ወንዝ የሚነሣው ከጉና ነው። ያን ወንዝ የሥራ ዘመኑን ሙሉ በድልድይ ሲሻገረው ኖሯል፤ በክረምት ደፍርሶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ በበጋ ከስቶ ጠጠሩ ሲታይ አይቶታል። ምንጩን ግን አያውቀውም። «ሰውዬውን በየቀኑ ሰላም እያልኩ ቤቱን ሳላውቅ ልሞት ነው» ይላል። ዓለሚቱም ከመስቀል በኋላ የሚመጡት እንግዶች ምንጩን እንዲያገኙት እስከዚያ ድረስ ያለውን መንገድ ድንጋይ እየቀቡ እንዲያመላክቱላት ጠየቀቻቸው። ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ከሞላበት ሜዳ ማዶ፣ ከተሰነጠቀው አለት ሥር ነው ብላ ነገረቻቸው። ይሻው ሌሊቱን ሳይተኛ አነጋ።

አካሄዳቸው የዕድሜ ልክ አካሄዳቸው ነው። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እሱ ለዓይን የሚመች ድንጋይ መርጦ በዱላው ነካ ያደርጋል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትቀባለች። ይሻው ወደ ኋላ መዞር የሚባል ነገር አያውቅም። «የኔ አንገት ስፖኪዮ የለመደ ነው» ይላል። ስለዚህ እሷ ስትዘገይ የቡሩሹን እጀታ ጣሳው ላይ አንዴ ታንኳኳለች፤ እሱ ይቆማል። ስትጨርስ ሁለቴ ታንኳኳለች፤ ይሄዳል። የአውቶቡስ ረዳት የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ ሾፌሩን የሚያዝዘው እንደዚያ ነው። በቀልድ ነበር የጀመሩት፤ እያደር ግን የይሻው እግር ከጆሮው ቀድሞ የሚታዘዝ ሆነ።

ከገብሱ ማሳ በላይ፣ ከአንዲት ቀጭን ጅረት ዳር፣ የድንጋይ ካብ ያጠረው ቤት አለ። ባለቤቱ ሙላቴ ካቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማኅበሩ የጓሳውን ሣር ከልሎ ፈረስ አይገባም ካለ ወዲህ ከድንኳን ሰፈሩ ሰዎች ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርብዎ» አለ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ጉና ሊቆጣ ነው።»

«ሰማዩን አታየውም? ጠርቷል እኮ!»

«ጫፉን አይደለም፣ ከጀርባ ያለውን ንፋስ ነው የምልዎ።»

ይሻው ሣቀ። «ገብቶኛል። እኛ ስንመለስልህ ፈረሶችህን ክልሉ ውስጥ ልትለቃቸው ነው!»

«የኔ ፈረሶች ራሳቸው እየወረዱ ነው፤ ዞር ብለው ይዩዋቸው!»

ይሻው አልዞረም። አሰለፈች ግን ዞራ አየች። ፈረሶቹ ጅራታቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ወደ ቆላው አቅጣጫ እየወረዱ ነው።

«እውነቱን ነው፣ አያ ይሻው። ይወርዳሉ።»

«ፈረስ ምን ያውቃል!»

«ከሾፌር ያንሳል?» አለች፤ ሙላቴም ካቡ ላይ ሆኖ ሣቀ። ያ ሣቅ ነው ይሻውን ይበልጥ ያስሮጠው።

የአስታውን ጫካ ቀደዱ። ጓሳው ውስጥ ሲገቡ እስከ ጉልበታቸው ራሱ። ከዚያ በላይ መሬቱ ሰፍነግ ሆነ፤ በረገጡት ቁጥር ውሃ ይተፋል። ጅባራው ሜዳ ሲደርሱ፣ ያ ረጃጅም ጅባራ እንደ ተሰለፈ ወታደር ቆሞ ጠበቃቸው። ይሻው በደስታ ዱላውን አነሣ። «አሁን ማዶውን ብቻ ነው!»

ያኔ ነፋሱ ከጉና ጀርባ ዘለለ። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ ከእግራቸው ሥር የመጣ መሰለ። በረዶው ባቄላ ባቄላ እያከለ ወረደ። የጅባራውን ቅጠል ይሰነጥቃል፣ ትከሻ ይቀጠቅጣል፣ ጆሮ ያቃጥላል። አንድ ቋጥኝ ሥር ተወሸቁና ይሻው ጋቢውን በሁለቱም ላይ ከደነ። በረዶው ጋቢው ላይ ሲንጣጣ አሰለፈች «ስለ እናትህ ስለ ማርያም» እያለች ትማጸናለች።

ሲያባራ ብቅ አሉ። «እንመለስ» አለ ይሻው፤ ድምፁ ቀጠን ብሎ። «ምልክታችንን ተከትለን...»

ቀና ብሎ አየ። ከእግሩ ጀምሮ እስከ ሩቁ ሸንተረር ድረስ፣ ድንጋይ ሁሉ፣ ሣር ሁሉ፣ መሬት ሁሉ ነጭ ነው። ጧቱን ሙሉ የቀቡት ድንጋይ የትኛው እንደ ሆነ የሠራውም አያውቀው።

አሰለፈች ነጩን ሜዳ አየች፤ ባሏን አየች። «አስፋልትዎ ሰፋ» አለች።

ከዚያ ጉሙ መጣ። እንደ ግድግዳ ተጠግቶ ዋጣቸው። ይሻው ከፊት ሆኖ በዱላው እየዳበሰ ተራመደ፤ እየተራመደም ይሟገት ጀመር። ነጭ ቀለም ጥፋት የለበትም፤ በረዶውን ማን ጠብቆት ነበር? ቀይም ቢሆን ከበረዶው ሥር ይቀበር ነበር። ጎንደር መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሲነዳ መስመር ጠፍቶበት ያውቃል? ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር ሲከራከር ቆየና፣ «አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

እርምጃውን ገታ።

«አሰለፈች?»

መላ አካሉን አዙሮ ወደ ኋላ አየ። ጉም ብቻ ነው።

ከኋላው ምን እንደ ሆነ ኋላ ነው የሰማው። አሰለፈች ረግረጉ ውስጥ አንድ ቦቲዋ ተይዞባት ጣሳውን አንዴ አንኳኳች። ጣሳው ግን ቀለም ይዞ ስለ ነበር «ጥፍ» ከማለት በቀር ድምፅ አላወጣም፤ ያቺኑ ጥፍታም የሱ ክርክር ዋጣት። ጫማዋን ነቅላ ስትነሣ ባሏ የለም።

ይሻው ጮኸ። ጉሙ ድምፁን መልሶ ፊቱ ላይ ጣለው። ወደ ግራ ሮጠ፣ ተደናቀፈ፣ ተነሣ፣ ወደ ቀኝ ሮጠ። የገዛ ዳናውን እንኳ ማግኘት አቃተው። «አሰለፈች! አሰለፉ!» ከሙሽርነቷ ወዲህ በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ፊት ለፊቱ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ደስ ብሎት ሊጠጋ ሲል ሽታው ደረሰው። ጅብ ነው። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ የእርጥብ ጠጉሩ እንፋሎት የሚጤስ ትልቅ ጅብ። አንገቱን ሰብሮ አየው። ይሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወዲያው ግን እሷ ብቻዋን፣ በዚህ ጉም ውስጥ፣ ከዚህ አውሬ ጋር መሆኗ ታሰበው።

«ከመንገድ ውጣ!» ብሎ ጮኸ፣ መንገድ በዘጋ ከብት ላይ ሲጮኽ በኖረበት ድምፅ። ዱላውን ወረወረ። ጅቡ ጎኑን ተመትቶ ጉሙ ውስጥ ጠለቀ። ጅብ በሰማ ቁጥር በር ሲቀረቅር የኖረው ሰውዬ፣ ባዶ እጁን፣ ጅብ ተከትሎ ሮጠ። ቁልቁል ይወረወራል፣ ጓሳው እግሩን ይጠልፈዋል፤ አልቆመም።

ኳ!

የቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ። ሌላ ምን እንደምለው አላውቅም። ተረከዙ መሬት ቆንጥጦ ያዘና ደርቆ ቀረ። ከጫማው ጫፍ አንድ ድንጋይ ተላቀቀች። ወደቀች። መሬት ስትነካ የሰማው ከብዙ በኋላ ነው። ጉሙ ለአፍታ ሲሣሣ ፊት ለፊቱ ገደል አፉን ከፍቶ አየ።

ድምፁ የመጣው ከታች ነው። ልቡ ወደዚያ ዘልለህ ሂድ ይለዋል፤ ምልክቱ ግን ቁም ነው። ይሻው ቆመ። ሕይወቱን ሙሉ እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

ኳ! ኳ!

አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ኳኳታው ቀጠለ፤ ሄደ። ኳ! ቆመ። ዞሮ ሌላ መንገድ በእግሩ ዳበሰ። ኳ! ኳ! በሁለት ዳገት መሐል ባለች ጠባብ ቁልቁለት በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ረዳት አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ፣ እንደዚያ እየነዳች አወረደችው።

ከጉሙ በታች ወጣ። የተሰነጠቀው አለት እዚያው ቆሟል። ከሥሩ አሰለፈች፣ አንድ እግሯ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ባዶ ጣሳ አንጠልጥላ።

«አንድ ጅብ መጣብኝ» አለች እያለከለከች። «ቀለሙን ፊቱ ላይ ደፋሁበት። ጣሳው ባዶ ሲሆን ጊዜ ጮኸልኝ። ቀና ስል በሣሣው ጉም ውስጥ እርስዎ ገደሉ አፍ ላይ...»

ይሻው ጋቢውን አውልቆ ጠቀለላት። ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ነው።

«ቀይ ይሻል ነበር።»

አሰለፈች ሣቀች፤ እየሣቀችም አለቀሰች። «ይልቅ እግርዎን ያንሡ። ርብ ላይ ቆመዋል።»

ወደ ታች አየ። ከአለቱ ስንጥቅ የምትወጣ፣ ጣት የማታህል ውሃ፣ በሁለቱ ጫማዎቹ መሐል ታልፋለች። ያ ጎርፍ፣ ያ ድልድይ የሚያነቃንቅ ጉልበት፣ ይቺ ናት። ረግረጉ ውስጥ መንገድ የጠፋባት አሰለፈች ውሃዋን ተከትላ ነበር ወደ አለቱ የወረደችው። ይሻው ተንበረከከና በእፍኙ ቀድቶ መጀመሪያ ለእሷ አጠጣት፤ ከዚያ እሱ ጠጣ።

«መመለሻውን መንገድ አላውቀውም» አለ አፉን ጠርጎ። «ውሃው ግን ያውቀዋል። እሱን ተከትለን እንወርዳለን።» እንደ ልማዱ ወደ ፊት ተራመደ፤ ከዚያ ቆም አለና ወደ ጎን ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላት። «ቅደሚ።»

ቀደመች። ውሃዋ እየወፈረች፣ ድንጋይ እየዘለለች መራቻቸው። ፏፏቴ ላይ ሲደርሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጎኑ ወረዱ። ጉሙ እየተገፈፈ የገብሱ ማሳ ታየ፤ ከጅረቷም ዳር የሙላቴ ካብ። ሙላቴ ገመድ በትከሻው፣ መጥረቢያ በእጁ ይዞ ሊወጣ ሲል ተገናኙ።

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን! አሁን እኔ ልፈልጋችሁ ስወጣ ነው!» እየጎተተ አስገባቸው፣ እሳት አነደደ፣ ትኩስ ገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበ፣ አረቄም ቀዳላቸው።

ይሻው መለኪያውን ጨበጠና ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ ፈረስህ ከሾፌር ይበልጣል። ይቅር በለኝ።»

«ተዉት፣ ጋሼ። ይልቅ እኔ ነኝ ዛሬ ያበድኩት።» ሙላቴ ድምፁን ቀነሰ። «አሁን በዚህ ካብ ሥር አንድ ጅብ አለፈ። ፊቱና ጀርባው እንደ ወተት ነጭ ነው። ምን ይሆን ብዬ ሦስቴ አማተብኩ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። አሰለፈች ጋቢው ውስጥ ተሸፍና ትንፋሿ እስኪያጥራት ሣቀች፤ ይሻውም እንባው በሽበቱ ላይ እየወረደ ሣቀ። ያን ቀን በጉና ላይ ያ ነጭ ቀለም የታየበት ብቸኛው ነገር ያ ምስኪን ጅብ ነው።

በሳምንቱ፣ ሰማዩ ሲጠራና ሙላቴም መንገዱ ደኅና ነው ሲላቸው፣ ቀይ ቀለም ይዘው እንደ ገና ወጡ። አሁን አሰለፈች ከፊት ናት፤ ድንጋይ እየመረጠች በዱላዋ ትነካለች። ይሻው ከኋላ ጎንበስ እያለ ይቀባል። ዳገቱ ላይ ወገቡ ያዘውና ቀና አለ፤ ከላይ ያለችውን ሚስቱን አየ። ከኋላ ሆኖ ስትራመድ አይቷት የማያውቅ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው።

ጣሳውን አንዴ አንኳኳ።

አሰለፈች ቆመች። ዞራም አየችው።