የመምህር ገብረየሱስ የደም ውጤት

መምህር ገብረየሱስ አርብ ጠዋት ሞላሌ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ራቤል ከተማ በመምህርነት የምትሠራው ልጃቸው ጽናት መርዶውን ሰምታ ስትደርስ «የጤና ጣቢያው ነርስ በመርፌ ነው የገደለው፤ አባቴ ሳይመረመር አይቀበርም» ብላ አስከሬኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ቆመች። ኢንስፔክተር አማከለች የተጠራችው ለዚህ ነበር።

ሟቹ ሁለቱም ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሁለቴ ደብረ ብርሃን እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥቡ ነበር። ለእጥበቱ አንገታቸው ሥር የገባው ቱቦ ዙሪያው ቀልቶ መግል ቋጥሯል። ከአማከለች ጋር የመጣው ሐኪም ኢንፌክሽን በዚያ ገብቶ ደማቸውን እንደመረዘው ነገራት።

የጤና ጣቢያውን ነርስ ይታየውን ስለ ሟቹ ሕመም ስትጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰላት።

«የሰውነትን መቆጣት የሚለካ የደም ምርመራ አለ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህ ቁጥር ካሻቀበበት የመኖር ተስፋው ይመነምናል። ከአሥር ማለፍ የለበትም፤ የእሳቸው ከመቶ ሰማንያ በላይ ነበር።»

ረቡዕ ይህ ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት፣ ከሆስፒታሉ ከተላከ አንድ የታሸገ ፖስታ ጋር፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኮከቤ ሰጥቶ «ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው» እንዳላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሲደውልም «ወስደናቸዋል» እንዳሉት ተናገረ። ምስክር ግን አልነበረውም።

ወይዘሮ ኮከቤ ነርሱ ደጃቸውን እንዳልረገጠ፣ ወረቀትም ፖስታም እንዳላዩ ተናገሩ። ከዚያ ሳይጠየቁ ቀጠሉ።

«ይሄ በሽታ ቤቴን ጨረሰው። ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። የቀረችኝን ደግሞ ኩላሊትሽ ለአባትሽ ተስማምቷል ብለው ሊቀድዷት ነበር።»

አማከለች መጻፏን አቆመች። ወጥታ ሆስፒታሉ ጋ ደወለች፤ ተመልሳም ጽናትን ጠየቀቻት።

«ኩላሊትሽ ለአባትሽ ይስማማል?»

«ገና አልነገሩኝም። ለምርመራ ደም ከሰጠሁ አሥር ቀኔ ነው። እማዬ ትናንት ‹አባትሽ ደህና ነው፣ አትምጪ› ብላኝ ነበር።»

ሦስቱንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መምህርን የገደላቸው መርፌ አይደለም» አለች። «በቱቦው የገባ ኢንፌክሽን ነው። ውጤቱን በጊዜ ያየ ሰው ሆስፒታል ቢያደርሳቸው ኖሮ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው። ስለዚህ ጥያቄው ወረቀቱ ማን እጅ ገባ ነው። የታሸገው ፖስታ የጽናት ኩላሊት መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ሆስፒታሉ ይህን ዛሬ ለእኔ ከመንገሩ በፊት ለማንም በስልክ አልተናገረም። ይታየው ውስጡ ያለውን አያውቅም፤ ጽናት እስካሁን አልሰማችም። ወይዘሮ ኮከቤ፣ እርስዎ ግን ‹ተስማምቷል› አሉኝ። ይታየው ካልመጣ ከየት ሰሙት?»

ሴትዮዋ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሁለቱ ወረቀት አንድ ላይ መጣ» አሉ። «እሱ ከዳነ ልጄን ይቀድዷታል። እሳት ውስጥ ከተትኳቸው። ሐሙስ በትኩሳት እየነደደ ‹ይታየው ምን አለ?› ሲለኝ፣ ‹ደህና ነው አለ› አልኩት። አመነኝ። ‹እንግዲያ ጽናትን ከሥራዋ አታስተጓጉያት› አለኝ።»

ጽናት ከአባቷ አስከሬን አጠገብ ተንበረከከች። «እኔ እኮ ልሰጠው ፈልጌ ነበር» አለች።

ደጅ የቆሙት ካህናት ፍትሐቱ ይጀመር እንደሆነ አስጠየቁ። አማከለች ወይዘሮ ኮከቤን አሁኑኑ አስራ መውሰድ እንደምትችል ታውቃለች። ግን ዘወር ብላ ጽናትን አየች።

«ከቀብር በኋላ ውሰጃት» አለች ጽናት። «ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም። አባቴን ብቻዬን መቅበር አልችልም።»

ተነሥታ እናቷን በብብታቸው ይዛ አነሣቻቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።