ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ምሥራች ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት። ብርድ ማለት ለእሷ ጥር ላይ፣ ማታ ማታ ነጠላ የሚያስደርብ ነፋስ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ አክስቷን እትዬ ፈትለወርቅን ልትጠይቅ በመጣች በሳምንቷ፣ አክስቷ «ተራራውን ሳታዪማ አትመለሺም» ብለው የባላቸውን ካፖርት አልብሰው ከቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ጋር በረዶ ላይ ወደሚንሸራተቱበት የስኪ ቦታ ሰደዷት። ካፖርቱ እሷን የመሰሉ ሁለት ሴቶች ይይዛል።

አውቶብሱ ውስጥ ማትያስ ተቀምጦ አገኘችው።

ማትያስ ካልጋሪ ያደገ ልጅ ነው። አምና ድሬዳዋ አጎቱ ዘንድ መጥቶ ወር ሙሉ ከእሷ ሌላ ሰው አላየም። ወደ ካልጋሪ ሲመለስ አጎቱ ሽማግሌ ይዘው አባቷን ጠየቁለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አሁን እሷ የተስፋዬ እጮኛ ናት፤ ሠርጓም ከፋሲካ በኋላ ነው።

በረዶው ላይ ገና ከመውረዷ ተንሸራታ ተዘረጋች። ልጆቹ ሳቁ። ያነሳት ማትያስ ነበር።

«በጎንዶላ እንውጣ» አላት። «ስኪ አያስፈልገውም።»

ጎንዶላው በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚያወጣ ትንሽ የመስታወት ክፍል ነው። ሁለቱ ብቻ ገቡ። እሱ ጓንቱን ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች።

«ለምን ተውከኝ?» አለችው በመጨረሻ።

«እኔ? አባትሽ ኖ አሉ እኮ!»

«ማን ነው ያለህ?»

«አጎቴ። ‹እስኪ እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ› አሉ አባትሽ። እዚህ ሰው ‹እናስብበት› ካለሽ ያው ኖ ነው፣ ዩ ኖው? አጎቴ ‹ልመለስ› ሲሉኝ፣ ፕሊስ አታስቸግሯቸው አልኳቸው። ሪስፔክት ያደረግኩ መስሎኝ ነው።»

ምሥራች ልትስቅ ቃጣች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ለመሆኑ የትኛው አባት ነው ልጁን በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ የሚለው? ልጁ ቤት ያስቸገረችው አይመስልም?

«ስንጠብቃችሁ ነበር» አለች። «እማዬ በየእሑዱ ሳሎኑን ታጥብ ነበር። አባዬ በግ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አስሮ ነበር። ሰፈሩ ‹ንቀዋት ቀሩ› ማለት ሲጀምር በጉን ሸጠው። ከዚያ ተስፋዬ ሽማግሌ ላከ። የእሱ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፣ ማትያስ። አባዬ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩ። በገዛ አፌ።»

«ለምን ኮል አላደረግሽልኝም?»

«ምን ብዬ? ሽማግሌህን መልስልኝ ብዬ?»

ማትያስ እጇን ያዘ። የተዋሰችው ጓንት ወፍራም ስለነበር የእጁ ሙቀት አልደረሳትም።

«ዛሬውኑ ለአጎቴ ኮል አደርጋለሁ። እኔ ራሴ መጥቼ አባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ።»

«ተስፋዬስ ምን አጠፋ?»

ማትያስ እጇን ለቀቀ።

«አባዬ ቃሉን ሰጥቷል። እኔ ቃሉን ባሳጥፈው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አይሄድም።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ደግ ሰው ነው። የምወደው አንተን ነው፤ ደስ ይበልህ!» አለች በቁጣ፣ እንባዋ እየወረደ።

ጫፍ ላይ ደርሰው ከጎንዶላው ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አገሩ በሙሉ ነጭ ነበር። ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ይጯጯሃል። ምሥራች ይህን ሁሉ ውበት ጠላችው። ልቧ ባዶ ሆነባት፤ ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም። ብርዱ ሲበረታባት «እንመለስ» አለችው።

በጎንዶላው ሲወርዱ ማትያስ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቢሄዱ ኖሮ፣ አባትሽ ምን ይሏቸው ነበር?»

ባትነግረው ይሻል ነበር። ግን ብቻዋን ይዛው መኖር አልቻለችም።

«‹ልጃችንን ሰጥተናል።› መኝታ ቤት ገብቶ፣ ጮክ እያለ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ።»

ማትያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ታች ደርሰው በሩ ሲከፈት እንኳ አልተነሳም፤ ምሥራች ብቻዋን ወረደች።