የመመሪያው ሃያ ሁለተኛ ደረጃ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አልቋል። ሟቹ ላይኛው ፎቅ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ታች በር ላይ የተቀበሏት ሦስት ሰዎች «ይግቡ» ከማለታቸው በፊት ገዳዩን ነገሯት።

«ሸረሪቷ ናት» አለች የሟቹ ሚስት።

«ሸረሪቷ ናት» አለ የሚስትየው ወንድም።

ሦስተኛው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ባልፈልግም ለማመን ተገድጃለሁ» አለ። ነገሩ ያው ነው፤ ቃል ለማብዛት ካልሆነ በቀር።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ይህች ሴት በሥራ ዘመኗ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብታለች። ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ባንድ ድምፅ የሚናገር ቤተሰብ ወይ ዋሽቷል ወይ ለማሰብ ሰንፏል ብላ ታምናለች። እነዚህን ገና ስታያቸው ሁለቱንም ጠረጠረች።

ሟቹ «ካፒቴን» ይባል ነበር፤ ባሕር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሥራው ከእንጨት የሚገጣጠሙ ትንንሽ ባለ ሸራ መርከቦችን መንደፍ ነበር። እንጨቱ ምድር ቤት በማሽን ይቆረጣል፣ ከክሩና ከመመሪያው ጋር ሳጥን ውስጥ ይታሸጋል፣ ገዢውም ቤቱ ወስዶ ስድስት ወር ዓይኑን ያጠፋበታል። ኢንስፔክተሯ መደርደሪያው ላይ የቆሙትን መርከቦች ቃኘችና ለሃምሳ አለቃዋ «ሰው ችግር ሲያጣ በሳጥን ይገዛል ማለት ነው» አለችው።

ካፒቴን ከኋላው ተፈንክቷል። የፈነከተው ብረት አጠገቡ አለ፤ ኮላ እስኪደርቅ እንጨት የሚጫንበት፣ ጡብ የሚያህል ክብደት ነው። ሐኪሙ ሰውዬው ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል ብሎ ሄዷል። ከአፍንጫው ፊት ለፊት በከፊል የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ቆማለች።

መጀመሪያ ሚስቱን አነጋገረች።

«ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን አመጣሁለት» አለች ሚስትየው። «መርከቢቱን ካላደነቅሽ አልውጥም አለኝ። ምኗን ላድንቅ? ሦስት እንጨት በጥቁር ክር ታስሮ። ለቅሶ ቤት ትመስላለች ስለው ተቆጣኝ። ከግቢው ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።»

«ጥቁር ክር ብቻ ነበር ያለው? ያስታውሳሉ?»

«ጥቁር ብቻ። ሠላሳ ዓመት ክር ሲያሳየኝ የኖረ ሰው ነው፤ ቀለም እለያለሁ።»

«ሸረሪት የምትሏት ማናት?»

«ታች ያለችው ክር አሳሪ ናታ። ክር ስትቋጥር ኖራ ራሷን መሐንዲስ ያደረገች።»

የሚስትየው ወንድም የሽያጭ ኃላፊ ነበር፤ ከሥራው ይልቅ የሥራውን ስም ጠንቅቆ ያውቃል። «ጠዋት ጋሼ ላይ ስትጮህበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። «ቅዳሜ ስለሆነ ማሽን ቤት ሰው የለም። እኔና ደራሲው ሰባት ሰዓት ላይ በመኪና ወጥተን ማተሚያ ቤት ዋልን። አሥር ሰዓት ተኩል ስንመለስ ሞቶ አገኘነው። ከሰባት በኋላ እዚህ ግቢ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ከደራሲው ጋር እኩል ወጣችሁ?»

«እኩል። እርግጥ እኔ መኪና ውስጥ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩት። የሚታተመውን መመሪያ ረሳሁ ብሎ ወደ ፎቅ ተመልሶ ወጣ። ደራሲ አይደል፣ ይረሳል።»

ደራሲው ያ ጉሮሮውን የጠረገው ሰውዬ ነው። «ደራሲው» በሉኝ ብሎ ሰዉን ያስለመደው ይኸው ሰው በሕይወቱ የጻፈው «ሁለተኛውን እንጨት ከሦስተኛው ጋር ያጣብቁ» የሚል መመሪያ ብቻ ነበር። ወንበር ስቦ ለኢንስፔክተሯ ከሰጠ በኋላ ማስተማር ጀመረ።

«መርከቧ ራሷ ሰዓት ናት፣ ክብርት ኢንስፔክተር። ስድስት ሰዓት ላይ ጥቁር ገመድ ብቻ ነበራት። አሁን ሦስት ፈዛዛ ገመዶች ተጨምረውባታል። ካፒቴን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ለማሰር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ይደምሩት።»

«እስከ ሰባት ተኩል በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ቢያንስ። እኛ ደግሞ በሰባት ወጥተናል።»

ሒሳቡ ልክ ነበር። ተሠልቶ፣ ተጣፍጦ በሳህን የቀረበ ሒሳብ ነው። ኢንስፔክተሯ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለውን በበላችባቸው ጊዜያት ሆዷን አሟት ስለነበር አመስግናው ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ሸረሪት የሚሏት ሴት አርባ ዓመት የሚሆናት ናት። ጠባብ ክፍሏ ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሚጠብቃት ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከመቀሷ ጎን አስቀምጦታል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ አይታ ተነሣች።

«አሁኑኑ የምትወስዱኝ ከሆነ ለእህቴ ልደውል፤ ልጆቼን ትውሰድልኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና የለም፤ ፍርሃቱ ግን ከንፈሯ ላይ ያስታውቃል።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ። ጠዋት ምን ሆናችሁ ነው የተጯጯሃችሁት?»

«በሃያ ሁለተኛው ደረጃ። የአዲሷ መርከብ መመሪያ ዛሬ ሊታተም ነበር፤ ሃያ ሁለተኛው ደረጃ ስህተት ነው አልኩት።»

«ክር ለማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

ሴትየዋ ሁለት ክር መዘዘች። «ጥቁሩ ምሰሶውን በግራና በቀኝ ወጥሮ የሚይዘው ነው፤ አይነቃነቅም። ፈዛዛው ሸራ የተሰቀለበትን አግዳሚ እንጨት ወደ ነፋሱ የሚያዞረው ነው። ከአግዳሚው ጫፍ ተነሥቶ ከጥቁሮቹ ውጭ ማለፍ አለበት። መመሪያው ግን በጥቁሮቹ መካከል አሳልፉት ይላል። እንደዚያ ከታሰረ አግዳሚው ይታነቃል፣ ንቅንቅ አይልም።»

«ካፒቴን ምን አለ?»

«መጀመሪያ ሰደበኝ። ክሩን ይዤ ሳሳየው ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ገጹን ሰረዘው። ከእንግዲህ መመሪያውን አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ሳጥኑም ላይ የሚወጣው ያንቺ ስም ነው አለኝ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ። ስጮህ ሁሉም ሰማኝ፤ ካፒቴን ሲያመሰግነኝ ግን ማንም አልነበረም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ካፒቴን ክፍል ተመልሳ ወጣች። በመርከቧ ላይ ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን ፈዛዛ ገመድ በዓይኗ ተከተለችው፤ በጥቁሮቹ መካከል ነው ያለፈው። ጠረጴዛው ላይ ያለው መመሪያ ንጹሕ ነው፤ ቀይ ምልክት የለበትም። ከዚያ ሳትቸኩል፣ ጠረጴዛውንና ከሥሩ ያለውን ወለል በወረንጦ ለቀመች። ቋጠሮ በታሰረ ቁጥር የተረፈው የክር ጫፍ ይቆረጣል፤ ካፒቴን ደግሞ የሚጠርግ ሰው አልነበረም። የለቀመችውን ወረቀት ላይ ዘርግታ ለሃምሳ አለቃው አሳየችው።

«ምን ይታይሃል?»

«ቆሻሻ።»

«ቀለሙ?»

«ጥቁር ነው፣ እመቤቴ። ሁሉም ጥቁር።»

ቀጥሎ የደራሲው ክፍል ነው። በዚህ ቤት እያንዳንዷ አዲስ መርከብ መንታ አላት፤ አንዷን ካፒቴን ከንድፉ፣ ሌላዋን ደራሲው ከመመሪያው ይሠራሉ፤ መመሪያው የሚፈተነው እንዲህ ነው። እንጨቱን ማሽን ስለሚቆርጠው ሁለቱን የሚለያቸው የለም። ደራሲው በሩን ከፍቶ አስገባት። እዚያ ያለችው መርከብ ጥቁር ገመድ ብቻ ነበራት።

«ይህች የእርስዎ ናት?»

«የእኔ ናት።»

«እጅዎ ጤነኛ ሆኖ ገና ጥቁሩ ላይ ነዎት?»

«እኔ አልቸኩልም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጥንቃቄ ባሕርዬ ነው።»

«ዛሬ ሌላ ሰው ነክቷት ይሆን?»

«አይታሰብም። የዚህ ክፍል ቁልፍ ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ የለም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሰውዬው ራሱም ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ግን ገና አሁን ማምለጡ ነው።

«ሃያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስህተት አለ ሲባል ሰማሁ» አለችው እየወጣች።

«ማን ነው የሚለው? ክር አሳሪዋ?» ፈገግ አለ። «ከእኔ ጽሑፍ ነጠላ ሰረዝ የሚያነሣ ሰው ገና አልተወለደም።»

ኢንስፔክተሯ የወረቀት መጣያውን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች፤ ለሃምሳ አለቃው በዓይኗ ጠቀሰችውና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በካፒቴን ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለቱ መርከቦች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሦስቱ ሰዎች ወንበራቸውን ከክር አሳሪዋ አርቀው፣ በሽታዋ እንዳይጋባባቸው የፈሩ ይመስል ተጠጋግተው ተቀመጡ። እሷ ከፖሊሱ አጠገብ ናት፤ እህቷ ልጆቹን ትናንት ማታ ወስዳቸዋለች።

«ትናንት መርከቧ ሰዓት ናት ተብሎ ተነግሮኝ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔም ሰዓቱን ከፍቼ አየሁት። ሦስት ፈዛዛ ገመድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከታሰረ ፈዛዛ ቁርጥራጭ እዚህ መውደቅ አለበት። አንድም የለም፤ የወደቀው ሁሉ ጥቁር ነው። ስለዚህ ገመዶቹ የታሰሩት ሌላ ቦታ ነው። መርከቧ ታስራ ካለቀች በኋላ መጥታ ሟቹ ፊት ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮዋ ያየቻት፣ ጥቁር ብቻ ያላት መርከብ ደግሞ ወደ መንታዋ ክፍል ተወሰደች። መለዋወጡ ደቂቃ አይፈጅም።»

የወረቀት ፖስታ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አራገፈች። ፈዛዛ ክሮች ነበሩ።

«ይህ የደራሲው መጣያ ውስጥ የተገኘ ነው። መርከቤ ገና ጥቁሩ ላይ ናት ያለ ሰው ፈዛዛውን የቆረጠው ለምን ይሆን?»

«ማንም ሊጥለው ይችላል» አለ ደራሲው።

«ማንም? እሺ። ልውውጡ የሚጠቅመው ከሰባት ሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ለመዋሉ ምስክር ላለው ሰው ነው። ክር አሳሪዋን ያሳስራታል እንጂ አያስፈታትም። እንዲህ ያለ ምስክር ያላችሁ ደግሞ ሁለት ናችሁ።»

የሚስትየው ወንድም ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ... እትዬ፣ እኔ እኮ መኪና ውስጥ ነበርኩ!»

«አንተ ተረጋጋ፤ ይህን ለማሰብ ጭንቅላት ይጠይቃል» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ይህ ሰው ለውጧት ቢሆን ኖሮ ደራሲው ክፍላቸው ሲገቡ መርከባቸውን ሦስት ገመድ ጎድሏት ያገኟት ነበር። ይጮሁ ነበር። እሳቸው ግን የእኔ ናት፣ የነካትም የለም፣ ቁልፉም በእጄ ነው አሉኝ። አሁን ወደ ሃያ ሁለተኛው ደረጃ እንምጣ። ይህ ገመድ በጥቁሮቹ መካከል ነው ያለፈው። ክር አሳሪዋ እንዲህ አታስርም፤ ስህተቱን ያገኘችው እሷ ናት። ካፒቴን አያስርም፤ በቀይ ሰርዞታል። በዓለም ላይ ይህ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ አለ።»

«ትክክል ስለሆነ ነዋ!» አለ ደራሲው።

ኢንስፔክተሯ የአግዳሚውን ጫፍ በጣቷ ገፋችው። አልዞረም። ደግማ ገፋችው፤ ክሩ ጥቁሮቹ ላይ ተንጠልጥሎ ያዘው።

«አግዳሚው ነው የተበላሸው» አለ ደራሲው። አንገቱ ቀልቷል። «ንድፉ ነው። ሰውዬው መንደፍ አይችልም ነበር፤ ሃያ ዓመት የሸፈንኩለት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ምን አደረገ? ስሜን ከሳጥኑ ፍቆ ክር አሳሪ ሊጽፍበት! እኔ ቆሜ እሷ መመሪያ ልትጽፍ!»



«ሳጥኑ ላይ የእሷ ስም እንደሚወጣ ማን ነገረህ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «እርስዎ» ማለቷን እዚህ ላይ ተወችው። «እሷ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። አንተ የሰማኸው ከካፒቴን አፍ ነው፤ ወረቀት ረሳሁ ብለህ የወጣህ ጊዜ። ቀዩን መስመር አየህ፣ ብረቱን አነሣህ።»



ደራሲው ቃሉን እዚያው ቤት፣ ታች ተቀምጦ ሰጠ። የሃምሳ አለቃውን ፊደል ሦስት ቦታ አረመ። በብረቱ መምታቱን አመነ፣ በቀይ የተሰረዘውን ገጽ በንጹሕ ቅጂ ተክቶ ማቃጠሉን አመነ፣ መርከቦቹን መለዋወጡን አመነ። ሃያ ሁለተኛው ደረጃ ስህተት መሆኑን እመን ሲባል ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ስህተት ጽፏል መባሉን አልቻለውም። ኢንስፔክተሯ ብዙ ወንጀለኛ አይታለች፤ እንዲህ ያስጠላት ግን ጥቂት ነው።

ሚስትየው እንባዋን ጠረገችና ወደ ክር አሳሪዋ ዞረች። «እንግዲህ ሥራው አይቆምም። ሰኞ በጊዜ ግቢ።»

ወንድሟም ነፍሱ መለስ ብላለት ፈገግ አለ። «እኛ እኮ ድሮም አልጠረጠርንሽም።»

ሴትየዋ መቀሷንና ወረንጦዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችው።

«እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሁላችሁንም ስጠረጥር ነው ያደርኩት» አለችው። «አሁንም አልወጣልኝም።»

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፈተችላት፤ ልጆቿን ልትወስድ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።