የጉበቱ ቀለም

የቤተ ሙከራው ኃላፊ አቶ ዘካርያስ የበግ ጉበት በቪዲዮ ቀርጸው እንደጨረሱ፣ የመቅረጫ መብራቱን የብረት ዘንግ እንደጨበጡ ሞተው ተገኙ። ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው። የታሰረው ደግሞ የጥገና ሠራተኛው ቀልቤሳ ነው።

ቀልቤሳ ቃሉን አልለወጠም። «የመብራቱ ሽቦ ተልጦ ዘንጉን ሲነካ አየሁ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ‹እንዳትነኩ› የሚል ወረቀት ለጥፌበት፣ ሽቦ ልገዛ ወጣሁ። ያበራው ሌላ ሰው ነው።»

ማንም አላመነውም፤ ምክንያቱ ማርቲ ነበረች። ካሜራውን በየጠዋቱ አዘጋጅታ ለአቶ ዘካርያስ የምትተወው እሷ ናት። ለፖሊስ «ነጩን በመብራቱ ልክ በእጄ ቆልፌዋለሁ» ብላለች። የመብራቱን ብርሃን እንደ ነጭ እንዲቆጥር የተቆለፈ ካሜራ በመስኮት ብርሃን ብቻ ከቀረጸ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያደርገዋል። የቪዲዮው ጉበት ግን ደህና ቀይ ነበር። እንግዲያው ቀልቤሳ ብሬከሩን አጠፋሁ ባለበት በዚያው ሰዓት መብራቱ በርቶ ነበር፤ ቀልቤሳ ዋሽቷል ተባለ።

ማርቲ ግን አልቆለፈችውም። አቆላለፉንም አታውቅም። ስልጠናው ላይ ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ አብራ ነቀነቀች፤ የምስክር ወረቀቷ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላማ መጠየቅ ሞት ሆነባት። ይሉኝታ ክፉ ነው! ቀልቤሳ በካቴና ሲወጣ እያየች እንኳ «ነገ እናገራለሁ» አለች። ነገ ሲመጣ ለሌላ ነገ አሳደረችው።

ጉዳዩን የተረከበችው ኢንስፔክተር ጤናዬ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። መጀመሪያ ምክትል ኃላፊውን ጠራች።

«የት ነበሩ፣ ዶክተር ደሊል?»

«ፍሪጆቹ ክፍል። በናሙና ክፍሉ በር ሳልፍ መብራቱ በርቶ አይቻለሁ።»

«ብሬከሩስ?»

«እኔ ክፍል ነው ያለው። ማንም አልነካውም።»

ቀጥላ ወደ ማርቲ ዞረች። «ልጄ፣ ነጩን ቆልፈሽው ነበር?»

«አዎ፣ ቆልፌዋለሁ» አለች ማርቲ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አቶ ዘካርያስ በሞቱበት ናሙና ክፍል ሰበሰበች። ቀልቤሳም በካቴና መጣ። ቪዲዮው ተከፈተ።

«ጉበቱ አጠገብ ያለውን የመቆንጠጫ ጥላ እዩ» አለች። «አንድ ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ በተቃራኒ ወድቋል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው መብራት በርቶ ቢሆን ሌላ ጥላ ወደ መስኮቱ ይወድቅ ነበር። ጥላው ‹መብራት ጠፍቷል› ይላል፤ ቀለሙ ‹በርቷል› ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።»

ሰማያዊ ጓንት ያጠለቀው የአቶ ዘካርያስ እጅ ምስሉን ሸፈነው። እጁ ሲነሳ ጉበቱ ቢጫ ሆኖ ታየ፤ ቀስ ብሎም ወደ ቀይ ተመለሰ።

«የተቆለፈ ካሜራ እንዲህ አይወላውልም። ሰማያዊውን ጓንት አይቶ ቀለሙን ራሱ እያስተካከለ ነው፤ እንዲህ ከሆነ በመስኮት ብርሃን ብቻም ጉበቱን ቀይ ያደርገዋል። ማርቲ፣ እስቲ እዚሁ ቆልፊልን።»

ማርቲ ካሜራውን ያዘች። ጣቷ ከቁልፍ ቁልፍ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አልቆለፍኩትም» አለች። «አላውቅበትም።»



«እንግዲህ መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ቀልቤሳ እውነቱን ነው» አለች ጤናዬ። «ዶክተር ደሊል፣ የጠፋውን መብራት እንዴት በርቶ አዩት? ብሬከሩ አልጠፋም ብሎ መዋሸት የሚጠቅመው መልሶ ላበራው ሰው ብቻ ነው።»

ደሊል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በዚያው ብሬከር ፍሪጁም ጠፍቶ ነበር፤ ውስጡ ያለው ክትባት በዚህ ሙቀት ሊበላሽብኝ ሆነ። ወረቀቱን ረስቶት የሄደ መስሎኝ ቀድጄ ጣልኩት፤ ብሬከሩንም መልሼ አበራሁት። ጩኸቱን ስሰማ አፈርኩ፣ ፈራሁም።»

ካቴናው ከቀልቤሳ ወደ እሱ ተዛወረ። ቀልቤሳ የእጁን አንጓ እያሻሸ ማርቲ ፊት ቆመ።

«አላውቅም ማለት ነው እንዲህ የከበደሽ?»

ማርቲ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተከትላው እስከ በሩ ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ጂቱ ባሏን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ማርቲን ትከሻዋን ይዛ ጉንጯን ሳመቻት።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ እህቴ! በአንቺ ቃል ነው የወጣው አሉኝ።»

ማርቲ ዝም ልትል ነበር። ዝምታውን ለምዳዋለች።

«አይደለም» አለች። «በእኔ ቃል ነው የገባው።»

ጂቱ እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች።