ውሃ እየጠጣሁ ነበር

እናቴ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ሰምቷል»። እኔም ለአሥራ ሁለት ዓመት የመለስኩላት አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ አልሰማም»። ልብስ ስናሰጣ፣ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ በሬዲዮ የእሱ ስም በተነሳ ቁጥር ስንጨቃጨቅ ኖርን። እሷ ያን ቀን ቤቷ ነበረች። እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። ከበሩ ወዲያ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

የተዋወቅነው በስህተት ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንድ የልምምድ ክፍል በአንድ ሰዓት ለሁለታችንም ጽፋ ሰጠችን። ቫዮሊኔን ይዤ ስገባ አንድ ቀጭን ልጅ ኖታውን ዘርግቶ ቆሟል።

«ክፍሉ የኔ ነው» አልኩት።

«የኔም ነው» ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ።

«እና ማን ይውጣ?»

«አንቺ ብትወጪ ይሻላል። እኔ እጄን አሟሙቄያለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ።»

ማንም አልወጣም። እሱ ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞረን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንደነቋቆር ቆየን። ልንወጣ ስንል «ሦስተኛው ገጽ ላይ ትቸኩያለሽ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ብሞክረው ግን እውነቱን ነው። በማግስቱ ሁለታችንም ጸሐፊዋ ዘንድ ሄደን ስህተቷን እንዳታርም ለመንናት።

ጓደኞቻችን ቀጭኑ ይሉታል። እኔም ቀጭኑ አልኩት፤ እስከ ዛሬ እውነተኛ ስሙ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል።

ትምህርታችንን ልንጨርስ ስንል ከባሕር ማዶ አንድ የነጻ ትምህርት ዕድል መጣ። ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለታችንም ተመዘገብን። ያለፈው ይሄዳል፣ ሥራ ሲይዝ ሌላውን ይወስዳል፣ ከዚያ እንጋባለን ተባባልን። በዚያ ዕድሜ ነገር ሁሉ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል።

ፈተናው የተሰጠው ዛሬ በምሠራበት አዳራሽ ነው። መጀመሪያ እሱ ገባ፤ ጥሩ ተጫውቶ ወጣና ከመድረኩ ጀርባ ካለችው የማረፊያ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ተራው የኔ ሆነ። ስድስት ደቂቃ ያህል እንደተጫወትኩ ቀጭኗ ክር ተበጠሰች። መለዋወጫ አልነበረኝም፤ የነበረችኝን አንዲት ክር ጠዋት ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ «ሌላ ቫዮሊን ካገኘሽ መቀጠል ትችያለሽ» አሉኝ።

ፈተናውን የጨረሰ፣ ቫዮሊኑን የያዘ ሰው ከበሩ ጀርባ አለ። በሩን አየሁት። ልጠራው እችል ነበር፤ አልጠራሁትም። ሰምቷል፣ አሁን ይመጣል ብዬ ነበር። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። በሩ ሳይከፈት ቀረ።

ቦታውን እሱ አገኘ። በሦስተኛው ሳምንት ሄደ። ሰምቶ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ፈራሁት። ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ አልመለስኩለትም። እናቴ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎሽ ነው» ስትለኝ ግን አፌን ሞልቼ ስከራከርለት ኖርኩ። የማላውቀውን ነገር ነበር የምከራከረው።

ዘንድሮ የኦርኬስትራችን የቫዮሊን ክፍል አለቃ እኔ ነኝ። ከመሪው በስተግራ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። በዚህ ወር አንዲት እንግዳ መሪ ይመጣሉ፣ ከፊት ቆሞ ብቻውን የሚጫወት አንድ ሶሎ ተጫዋችም ይመጣል ተባለ። ማስታወቂያው ላይ ያነበብኩት የእሱን ስም ነው።

መሪዋ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሴትዮ ናቸው። ከአፋቸው «ድገሙ» የሚለው ቃል ስለማይጠፋ ግማሽ ቀን ሳይሞላ እትዬ ድገሙ የሚል ስም ወጣላቸው። ማክሰኞ በመጀመሪያው ልምምድ መምሪያ ዘንጋቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን።

«ሶሎ ተጫዋቹ ክር ቢበጠስበት ሙዚቃው አይቆምም። አለቃዋ የራሷን ቫዮሊን ትሰጠዋለች። እሷ ከጎኗ ካለው ትቀበላለች። የተበጠሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ በየትኛውም አገር ያለ ደንብ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ እጃችሁ ይሥራ።»

እኔና እሱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነን። አንዳችንም ቀና አላልንም።

ልምምዱ ሲያልቅ ወንበሮቹ መሀል ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭኑ መባሉ ቀርቷል፤ ጎኑ ሞላ ብሏል፣ ጆሮው አጠገብ ሽበት ጣል አድርጓል።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ አሁንም ትቸኩያለሽ» አለኝ።

መሳቅ አልፈለግኩም ነበር። ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ድፍረት መጣልኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ክሬ ሲበጠስ ሰምተሃል?»

ወዲያው መለሰልኝ። «ውሃ እየጠጣሁ ነበር። በሩም ዝግ ነው። ብሰማ ኖሮ እንዴት ዝም እልሻለሁ?»

አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም አጠገቤ ተቀመጠና መሐረቡን ሰጥቶኝ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከልምምድ በኋላ በእግራችን እንሄድ ነበር። ብዙ አናወራም። የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ዞር ብሎ ያየኛል፤ መብራቱ ተለውጦ ሰው ሲያልፈን ነው የምንነቃው። ሐሙስ ዕለት እሱ ባለበት ኦርኬስትራ አንድ ቦታ እንደተከፈተ፣ ለእኔ እንደጠየቀልኝ፣ እሺ እንዳሉት ነገረኝ።

«ያኔ የተባባልነውን ዘግይቼ ነው የምፈጽመው። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኩት። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ማታ ለእናቴ «አልሰማም። ራሱ ነገረኝ» ብዬ በድል አድራጊነት ነገርኳት።

«ራሱማ ምን ሊልሽ ኖሯል?» አለችኝና ፎጣዋን ማጠፏን ቀጠለች።

ቆሽቴ አረረ። ያን ዕለት የስንብት ደብዳቤዬን ጽፌ ቫዮሊን ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከእሱ ጋር የምንጫወተው ኮንሰርቶ ሰምሮልናል። ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ሶሎ ተጫዋቹ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ስንደርስ ሁላችንም ደጋናችንን ጉልበታችን ላይ አሳረፍን። ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደና ጧ አለ። ቀጭኗ ክር ነች።

ሳይዞር እጁን ዘረጋ። የኔ ቫዮሊን ከእጁ ገባ፤ የእሱ ጭኔ ላይ ነበር። መቼ እንደሰጠሁት አላውቅም። በራሴ ቫዮሊን ከቆመበት ሲቀጥል ሰማሁት። ያን ያህል የሚያምር ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ያን ሰዓት ከእሱ የበለጠ የምወደው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ጭብጨባው አልቆ ስንወጣ እትዬ ድገሙ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ሰው ትንሽ ያመነታል» አሉኝ። «አንቺ ግን አላመነታሽም።»

በሩ ጋ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የመድረኩ ኃላፊ መለዋወጫ ክር ይዘው ቆመዋል።

«ሮጬ ነው ያመጣሁት፣ አለቃ። እማረፊያው ክፍል ውሃ ስቀዳ ጧ ሲል ብርጭቆው ሊያመልጠኝ ነበር።»

«በሩ ተከፍቶ ነበር እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ ምን ነካሽ። ሙዚቃ እያለ በሩን ከፍቼ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ጥርቅም አድርጌ ነው የምዘጋው። ያ በር ጣውላ ነው እንጂ ምን ይከልላል? ሳል እንኳ ያሳልፋል።»

ቀልቤ ተገፈፈ። ጋሼ ክሩን እጄ ላይ አኑረው የሚያወሩትን ቀጥለው ነበር፤ አልሰማኋቸውም።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እሱ የራሱን ቫዮሊን ሌላ ክር ገጥሞበት፣ የኔንም ይዞ መጣ። ፊቱ ፈክቷል።

«አዳንሽኝ» አለኝ።

«ና እስቲ» ብዬ ወደ ማረፊያው ክፍል ወሰድኩት። ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። «ጠጣ። እኔ እስክመለስ እዚሁ ሁን።»

ሳቅ አለ። ከዚያ ዓይኔን አየና ሳቁን ተወው።

በሩን ዘግቼ ቫዮሊኔን ይዤ ወደ መድረኩ ወጣሁ። አዳራሹ ባዶ ነው። ያኔ የቆምኩበት ቦታ ቆሜ የፈተናዬን ሙዚቃ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አልቸኮልኩም። ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩና የቀጭኗን ክር ማጥበቂያ አዞርኩ። ጮኸች። ደግሜ አዞርኩ። ተበጠሰችና ጣቴን ገረፈችኝ።

በሩን አየሁት።

ወዲያው አልተከፈተም። ሲከፈት የራሱን ቫዮሊን በሁለት እጁ ወደ እኔ ዘርግቶ ቆሟል።

«ያን ቀንም ሰምቻለሁ» አለ። «በሩ ጋ ደርሼ እጀታውን ይዤው ነበር።»

«እና?»

«አንቺ ከእኔ ትበልጪ ነበር።»

«ይህን ማክሰኞ ዕለት ብትነግረኝ አብሬህ እሄድ ነበር» አልኩት።

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለቴም ፈርተህ ነው።»

እጁ እንደተዘረጋ ነበር። ቫዮሊኑን አልተቀበልኩትም። እወደው ነበር፤ በዚያች ደቂቃም እወደው ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። ግን ክር በተበጠሰብኝ ቁጥር ይመጣ ይሆን እያልኩ በር ሳይ መኖር አልችልም። ቫዮሊኔን ሳጥኑ ውስጥ አድርጌ በጓሮ በር ወጣሁ። አልጠራኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሰምቷል» አልኳት።

የአሥራ ሁለት ዓመቱን ጭቅጭቅ ረታች። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሰኞ እሱ ሄደ። እኔ ጋሼ የሰጡኝን ክር ገጠምኩ፤ የተጠቀለለበትን ወረቀትና የስንብት ደብዳቤዬን አንድ ላይ ጣልኳቸው። አዲስ ክር ደግሞ የመጀመሪያ ሰሞን አይጸናም፤ ይላላል። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አራት ጊዜ አቁሜ አጠበቅኩት። ሰው ሁሉ ያየኛል።

ጋሼ በበሩ አንገታቸውን አስግገው «ምን ሆነሽ ነው አለቃ?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩ ጋሼ» አልኳቸው። «አዲስ ክር ነው። እስኪለምድ ነው።»